«ገባችሁ?» ካልኩ በኋላ ያለው ዝምታ

ጂኒ ጠራኝ፣ ጥላ አየሁ፣ የሞተ ሰው ድምፅ ሰማሁ የሚባል ወሬ ሲጀመር ተነሥታ ሳህን የምታጥብ ሰው ብትፈልጉ እኔ ነኝ፣ እመኑኝ፣ ኮምቦልቻ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጉድጓድ ሰው በስሙ ይጣራል ብለው ሲያስቸግሩኝ ሁሉንም አሰልፌ ወስጄ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስጩኼ፣ ድምፅ ግድግዳ ነክቶ እንዴት እንደሚመለስ ሰሌዳ ላይ በቀስት ሥዬ ነው ያስረዳኋቸው። አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የማነሣበትን ጥያቄ ሁሉ ለራሴ አንሥቻለሁ፣ መልስ ያገኘሁለት አለ፣ መልስ ያላገኘሁለት ግን ይኸው ካልጋዬ ትይዩ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

በቅደም ተከተል ካልሆነ ማስረዳት ስለማይሆንልኝ ከቤቱ ልጀምር። የምኖረው ሻርጃ ነው፣ የምሠራው አንድ የሕፃናት መዋያ ውስጥ በረዳት አስተማሪነት ነው፣ አገር ቤት የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ፣ እዚህ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ቀለም አስቀባለሁ፣ ያም ማስተማር ነው። ክፍሉን ለሦስት በቢድ ስፔስ፣ ማለት የአልጋ ቦታ ብቻ እየከፈልን፣ ይዘነዋል፣ እያንዳንዳችን አልጋችንን በመጋረጃ ጋርደን። አንዷ እትዬ ዘሃራ ናት፣ እንደኔው የወሎ ሰው፣ ዕድሜዋን በማዳም ቤት ጨርሳ አሁን በየቤቱ እየዞረች የምታጸዳ፣ ሲያመን ሾርባ የምታፈላልን እሷ ናት። ሁለተኛዋ ብርቱካን የጎንደር ልጅ ናት፣ አል ቁሰይስ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፣ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፣ «ቲቸር» ነው የምትለኝ፣ አልጋዬን ደግሞ «ጋራዡ»።

ጋራዥ የምትለው ያለ ምክንያት አይደለም። ትርፍ ጊዜዬን የሚበላው ነገር መሥራትና የሠራሁትን በቪዲዮ ማሳየት ነው፣ ዓሣ የሚመጣበትን ነጭ የፎም ሳጥን በረዶ ሞልቼ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ ገጥሜበት የላይኛው አልጋ ላይ የምትተኛ ሴት የምትቀዘቅዝበትን ነገር ሠርቻለሁ፣ የተሰበረ ላፕቶፕ ስክሪን መብራት አድርጌያለሁ፣ በመጋረጃ ሐዲድ ላይ ስልክ እያንሸራተትኩ እቀርጻለሁ። ዕቃውን ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውራጅ ከሚሸጡት ሰዎች እየለቀምኩ አመጣለሁ። ቪዲዮዬን የሚያዩት አብዛኞቹ በሰው ቤት ያሉ እህቶቻችን ናቸው፣ ማዳም ስትተኛ ድምፁን ዝቅ አድርገው።

ድምፁን የምቀዳው ለብቻው ነው፣ ምክንያቱም ኤሲው ያጉረመርማል፣ ከላይ ያሉት ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ስለዚህ ባቃላው፣ የሰፈሩ ሱቅ ማለት ነው፣ የሚጥለውን የእንቁላል ካርቶን ሰብስቤ ቁም ሳጥኑን ከውስጥ ዙሪያውን ለጠፍኩት፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፣ ማይክራፎኑን ከልብስ መስቀያ ላይ አንጠለጠልኩ። ውስጡ ገብቼ በሩን ስዘጋው ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ የተጨመረ ያህል ዓለም ጸጥ ይላል። ብርቱካን አንድ ቀን ሞክራው «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ቀብር ነው» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ተመልካቾቼ የሚቀልዱብኝ ነገር ሁሉን በቃል መናገሬ ነው፣ እጄ ላይ እየታየ ያለውን ብሎን «አሁን ብሎኑን በቀኝ እጄ ይዤዋለሁ» እላለሁ፣ «እናያለን እኮ!» ይሉኛል። ለዚህ ምክንያቱ አባቴ ነው። አባዬ አናጢ ነበር፣ እስክሪብቶ ሳልይዝ መዶሻ ያስያዘኝ እሱ ነው፣ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ግን የምሠራውን በጆሮው እንዲያይ እያንዳንዷን ነገር እተርክለታለሁ፣ ሥራ ዘርዝሬ ስጨርስ «እሺ? ገባህ?» ብዬ ቆም እላለሁ፣ እሱም ያንን የኛን አገር መልስ ይሰጠኛል። ታውቁታላችሁ፣ የሚያዳምጥ ሰው «አዎ፣ ቀጥይ» ለማለት ቃል አያወጣም፣ ትንሽ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል፣ መዋያው ያለችው ፊሊፒናዊት አስተማሪ መጀመሪያ ይህን ሳደርግ የደነገጥኩ እየመሰላት «ምን ሆንሽ?» እያለች ትይዘኝ ነበር። ያ ቆም የማለት ልማድ ለቪዲዮውም ተረፈኝ፣ «ገባችሁ?» እላለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ በኋላ ዝምታውን ቆርጬ እጥለዋለሁ።

ለአባዬ ግን አልቆርጠውም። ለሱ ብዬ አንድ ሳጥን ሠርቼለታለሁ፣ ከጣውላ ቁራጭ፣ ትንሽ ስፒከርና ሚሞሪ ያለበት፣ ከላዩ ላይ አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ፣ በመዳፉ ሲጫነው ድምፄ ይወጣል፣ ወደ አገር ለሚገቡ ሴት አደራ ሰጥቼ ላክሁት፣ አዲስ የቀዳሁትን እየላክሁ ታላቅ እህቴ ፋጡማ ሚሞሪው ላይ ትጭንለታለች። ደረቱን ያመዋል፣ ክረምት መዋያው ሲዘጋ ሄጄ ላየው ትኬቴን ይዣለሁ፣ «ሳትመጪ አልሄድም» ብሎኛል፣ እሱ ቀልዱ እንዲህ ነው፣ እኔም የምሠራው፣ የምተኛው፣ የምነሣው ክረምቱን እየጠበቅሁ ነው። ግን ከዒድ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም፣ ስደውል ተኝቷል፣ መስጊድ ነው፣ ጉሮሮውን አሞት ሐኪም አትናገር ብሎታል፣ ሳጥንሽ ግን ከጆሮው አይለይም ይሉኛል፣ እኔም አምኜ እቀዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የልብስ ማስጫ ስሠራ የቀዳሁትን ድምፅ ላስተካክል ስልኬን ከፈትኩ፣ ድምፅ ሲቀዳ መስመሩ እንደ ተራራ ይወጣል ይወርዳል፣ ዝም ስትሉ ሜዳ ይሆናል፣ እኔም የምቆርጠው ሜዳውን እያየሁ ነው፣ ታዲያ ሜዳው መሐል አንዲት ትንሽ ጉብታ አየሁ። ሰማሁት፤ ትንፋሽ ነው። የራሴ ነው ብዬ ቆረጥኩት። ከሚቀጥለው «ገባችሁ?» በኋላም ነበረ፣ ከሚቀጥለውም። በሌላው ሳምንትም እንዲሁ፣ ስናገር የለም፣ ጠይቄ ዝም ስል ብቻ ይመጣል፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ጨዋ ተማሪ።

ለብርቱካን አሰማኋት።

«ጂኒው ክላስ እየተከታተለ ነዋ!» አለች፣ «ቲቸር፣ ከኛ እሱ ይሻላል፣ እኛማ አንድም ቀን ገብቶን አያውቅም። ሰርተፊኬት ስጪው።»

«የራሴ ትንፋሽ ይሆናል።»

«ካንቺማ አይወጣም፣ ይሄ የወንድ ነው» አለችና ሳቋ ቆመ፣ ወዲያው ደግሞ «ቤት ኪራይ ይካፈለን እንግዲህ» ብላ ሄደች።

ከዚያ ቸኩዬ ዝምታውን ሳልቆርጥ የለቀቅሁት አንድ ቪዲዮ ሥር፣ ከማላውቃት ሴት እንዲህ የሚል ተጻፈልኝ፦ «እህቴ አጠገብሽ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡሽ አባት ደስ ሲሉ፣ አላህ ያቆይልሽ።» ዋላሂ፣ ያንን አንብቤ ስልኩን ገልብጬ ነው ያስቀመጥኩት።

ግን አስተማሪ ነኝ፣ የፈራሁትን ነገር እሞክረዋለሁ እንጂ አልሸሸውም። ትናንት ዓርብ ነበር፣ ሻርጃ ዓርብ ዕረፍት ነው፣ ብርቱካንም እትዬ ዘሃራም ሹግል፣ ሥራ፣ ወጥተዋል፣ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ለጁምዓ ገብቷል፣ ቀትር ነው፣ ፀሐዩ የመስኮቱን ብረት አቃጥሎ ከኤሲው ቱቦ ጠብ ጠብ ከሚለው ውሃ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ኤሲውን አጠፋሁ፣ የውሃ መሳቢያውን አጠፋሁ፣ የእትዬ ዘሃራን የግድግዳ ሰዓት አውርጄ ትራስ ሥር ቀበርኩት፣ ማይክራፎኑን ነቅዬ በስልኩ ብቻ ለመቅዳት ወሰንኩ፣ በላብ እየሰመጥኩ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

መጀመሪያ ምንም ሳልናገር ቀዳሁ፣ ወጥቼ ሰማሁት፣ ንጹሕ ሜዳ ነው። ከዚያ ገብቼ ስለ አንድ መደርደሪያ አስረዳሁና «እሺ? ገባ?» ብዬ የራሴን ትንፋሽ በእጄ አፍኜ ቆየሁ፣ ወጥቼ ሰማሁት፣ ትንፋሹ አለ። የቤቱ ድምፅ አይደለም፣ የማይክራፎኑ ችግር አይደለም፣ የኔም አይደለም፣ ሦስቱን ሰረዝኩ። ያኔ ክፍል ውስጥ የማደርገው አንድ ዘዴ ትዝ አለኝ፣ ተማሪው እውነት እየሰማ ነው ወይስ ዝም ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ነው የሚለውን ለማወቅ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ፣ የሰማ ሰው ያርመኛል። ገባሁና በዚያው ድምፄ፦ «ጣውላውን መለካት አያስፈልግም፣ ዝም ብላችሁ በግምት ቁረጡት፣ ካጠረ በሙጫ ታስረዝሙታላችሁ። እሺ? ገባ?» አልኩና ዝም አልኩ።

ወጥቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ድምፄ አለቀ፣ ሜዳው መጣ፣ ትንፋሹ አልመጣም። በምትኩ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የምትሰማዋ ያች ትንሽ «ጭ» መጣች፣ ሰው አፉን ሳይከፍት «አይደለም» የሚልባት። ከሷ በኋላ ቀጭን ፉጨት የተቀላቀለበት ረጅም ትንፋሽ፣ ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው ዓይነት።

ፉጨቱን አውቀዋለሁ። አባዬ የፊት ጥርሱ አንዱ የለም፣ በቅሎ ረግጣው ነው ይላል፣ እናቴ በሕይወት ሳለች አጥንት ሲግጥ ነው ትል ነበር፣ ብቻ ትንፋሽ ሲስብ በዚያች ክፍተት ያፏጫል፣ እኔም ልጅ ሆኜ ሳልለካ መጋዝ ሳነሣ ከኋላዬ ቆሞ የሚያሰማኝ ይህንኑ ነበር፣ መጀመሪያ «ጭ»፣ ከዚያ ፉጨቱ። እስካሁን ከዚህ ሁሉ ትንፋሽ ውስጥ እንዴት እንዳልለየሁት አላውቅም፣ ወይም አውቃለሁ፣ የምቆርጠው በደንብ ሳልሰማ ነበር።

የክፍሉ በር ተከፈተ፣ ጩኸቴን ይዤ ዘለልኩ፣ እትዬ ዘሃራ ናት።

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ቃጠሎ ኤሲውን አጥፍተሽ? ሰዓቴስ የት ሄደ?»

«እትዬ፣ አንቺ ምነው በጊዜ? ሥራ የለም እንዴ?»

«ማዳም ልጆቿን ይዛ ወጣች፣ ኸላስ፣ በቃ ሂጂ አለችኝ» ብላ ተቀመጠች። እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር፣ ጫማዋንም አላወለቀችም።

የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። የማን ነው አላልኳት፣ ስሚልኝ ብቻ ነው ያልኳት። ሰማች፣ ፊቷ ሲገረጣ አየሁት፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ «ኢና ሊላሂ ወ...» ብላ ጀመረችና በመሐል ዋጠችው፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ «አዑዙ ቢላህ» አለች። «አጥፊው ይሄን። ሰይጣን ነው። አጥፊው በአላህ።»

ሙስሊም ላልሆናችሁ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰይጣን የፈራ ሰው «አዑዙ ቢላህ» ይላል፣ ሁለተኛ ያለችው ትክክል ነው። መጀመሪያ ያመለጣት ግን ሰው ሲሞት የሚባለው ነው። እትዬ ዘሃራ ደግሞ እንኳን ሁለቱን፣ የግራና የቀኝ ጫማዋን አሳስታ የማታውቅ ሴት ናት።

«ምን ልትይ ነበር እትዬ?»

«ምንም። አፌ ተሳስቶ ነው። ደክሞኛል።»

ስልኬን አነሣሁና ኮምቦልቻ ደወልኩ። እትዬ ዘሃራ እጇን ዘረጋች፣ ልትቀማኝ ይሁን ልትይዘኝ አላወቅሁም፣ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ መለሰችው። ፋጡማ አነሣች።

«እታለም፣ አባዬን አቅርቢልኝ።»

«ተኝቷል።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ጉሮሮውን አላልኩሽም? ሐኪሙ እንዳትናገር ብሎታል፣ እንቅልፍ ነው የሚሻለው።»

«አይናገር። ስልኩን ጆሮው ላይ ብቻ አድርጊለት፣ እኔ ላውራ፣ እሱ ትንፋሹን ብቻ ይሳብልኝ።»

ከዚያ እህቴ፣ ተኝቷል ያለችኝ እህቴ፣ ድምፅዋን አፍክታ «ቆይ እስቲ፣ ነቅቷል መሰለኝ፣ ይኸው ሳጥንሽን እየሰማ ነው፣ ስሚው» አለች፣ ስትራመድ ሰማኋት፣ ከዚያ ያ ትልቅ ቁልፍ ሲጫን የሚያሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ በገዛ እጄ የገጠምኩት ስለሆነ ከሺህ ቁልፍ መሐል እለየዋለሁ፣ ከዚያም የራሴ ድምፅ ከዚያ ማዶ፣ ደስ ብሎኝ፣ «...በዚህ በኩል ያለውን ብሎን ታጠብቀዋለህ፣ ግን እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ በጣም አይደለም። እሺ አባዬ? ገባህ?»

ዝምታው መጣ። ለሱ ብዬ ሳልቆርጥ የተውኩለት ዝምታ።

ውስጡ ባጃጅ አለፈ፣ ዶሮ ጮኸ፣ ከሩቅ ሰው ሲስል ተሰማ፣ እህቴ ምራቋን ስትውጥ ሰማሁ። ትንፋሹ አልነበረም። እስከ መጨረሻው ጠበቅሁት፣ አልነበረም፣ ከዚያ ድምፄ ምንም እንዳልተፈጠረ «ጎበዝ! አሁን ወደ ሁለተኛው እግር እንሂድ» ብሎ ቀጠለ።

«ሰማሽ አይደል?» አለች ፋጡማ፣ «ፈገግ ብሏል።»

«ሰማሁ።»

«በይ ኔትወርኩ...» አለችና ተቋረጠ።

እንግዲህ ልታዝኑልኝ ወይም ልትቆጡኝ ትችላላችሁ፣ ለምን ቀጥ ብለሽ አልጠየቅሽም ትሉ ይሆናል። ስደት ላይ ላለ ሰው የአገር ቤት ሞት በስልክ አይነገርም፣ ብቻውን ሰምቶ እንዳይወድቅ ነው፣ መጀመሪያ አጠገቡ ላሉት ይነገራል፣ እነሱ ሆዳቸው ውስጥ ይዘው አብረውት ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ ሁሉም ሥራ የማይገባበት ቀን ሲመጣ ተሰብስበው ይመጡና ዙሪያውን ተቀምጠው ያረዱታል። ዲስከቨሪ ጋርደንስ ለምትኖር አንዲት ልጅ እኔም እንዲህ ሄጄላታለሁ፣ በሩን ስትከፍትልን «ውይ፣ ምን እግር ጣላችሁ!» ብላ ደስ ብሏት ነበር፣ ጁስ ልትቀዳልን ስትሮጥ ጀርባዋን እያየን አንዳችን ሌላችንን አናይም ነበር። ያንን ያየ ሰው አይጠይቅም። ደግሞ ከጠየቅሁ መልሱ ሊሆን ነው፣ ካልጠየቅሁ ግን ሐኪም አትናገር ያለው ሽማግሌ ነው።

ስለዚህ እትዬ ዘሃራን ምንም ሳልላት ወደ ቁም ሳጥኑ ተመልሼ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ መቅጃውን ከፈትኩ። በጨለማው ውስጥ የእንቁላል ካርቶኑ ላብና አቧራ ይሸታል። የማስረዳው ነገር አልነበረኝም። «አባዬ» አልኩ፣ «ዛሬ የምንሠራው ነገር የለም። ክረምት ልመጣ ነው። ትጠብቀኛለህ? እሺ?» አልኩና ቆምኩ። ጉልበቴን አቅፌ ከወትሮው እጅግ አብዝቼ ቆየሁ፣ በጆሮዬ ምንም አልሰማሁም፣ ድሮም በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም፣ ከዚያ አጠፋሁት።

ያንን ቅጂ አልከፈትኩትም። ነገሩ እንደ ሒሳብ ቀላል ነው፣ ተማሪ እንኳ ይሠራዋል፣ ሜዳው ባዶ ከሆነ አባዬ አገር ቤት አልጋው ላይ ነው፣ ትንፋሹ ካለ ግን እዚህ ነው፣ እዚህ ከሆነ እዚያ የለም። ስልኩን ገልብጬ ትራሴ ሥር ከሰዓቱ ጋር አኖርኩት።

ስወጣ እትዬ ዘሃራ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም ነበር፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ዝቅ አድርጋዋለች።

«ሾርባ ላፍላልሽ?» አለችኝ።

«አላመመኝም እኮ እትዬ።»

«ቢሆንም።» ወለሉን እያየች «እሑድ ከቤት እንዳትወጪ እሺ? ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ምናምን እንዳትዪ» አለችኝ።

«እሑድ ምን አለ?»

«ምንም የለም። አብረን እንዋል ብዬ ነው።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ብርቱካን ጠዋት ስትወጣ አልቀለደችም፣ «ቲቸር» አላለችኝም፣ በስሜ ጠራችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝና ሮጠች። ትኬቴ ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ካልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፣ የቁም ሳጥኑ በር በደንብ አይገጥምም፣ ሁልጊዜ በትንሹ ከፈት ይላል፣ እኔ ደግሞ የአስተማሪ ልማድ ሆኖብኝ ስጽፍ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው፣ አንዱን ጨርሼ ሌላውን እስክጀምር እንዳልቆም እየቸኮልኩ። ይህን የመጨረሻውን ግን በልቤ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም ከሱ በኋላ የምለው ነገር የለኝም።